ሳጥኑ የበረደ ቀን

የዚያን ክረምት አሥረኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት እየጠበቅኩ ቤት ነበርኩ። የምንኖረው መርካቶ፣ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ፣ ሰባት ቤተሰብ በሚጋራው የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነው። የእናቴና የእኔ ድርሻ አንዲት ክፍል ናት። ክፍሏ መስኮት የላትም። በር አላት፤ በሩም ሲዘጋ ከሥሩ መዳፍ የሚያሳልፍ ክፍተት ይተዋል። በሐምሌ በዚያ ክፍተት የሚገባው ብርድ መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት ይይዛል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል።

እናቴ ጠዋት ጠዋት አብነት፣ ታክሲ መቆሚያው አጠገብ ንፍሮ ትሸጣለች። ደንበኞቿ ጭነት ለማውረድ በማለዳ የሚወጡ ኩሊዎችና ሱቃቸውን ሳይከፍቱ አንድ እፍኝ ጨብጠው የሚያልፉ ነጋዴዎች ናቸው። ባቄላ ለመብሰል ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ እናቴ ገና ሳይነጋ ተነስታ ከሰል ታያይዝና ድስቱን ትጥዳለች። በበጋ ደጅ ትቀቅላለች። በክረምት ግን ዝናቡ እሳቱን ስለሚያጠፋባት ምድጃውን ወደ ቤት ታስገባ ነበር።

ግንቦት ላይ በትምህርት ቤታችን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ውስጥ አንዲት መምህራችን ሁለት ነገር አስተምራን ነበር። አንደኛው፣ ቤት ሙቀቱን የሚያጣው በክፍተት ስለሆነ በብርድ ወራት ክፍተትን መድፈን እንደሚገባ ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ጊዜ የፈላ ድስት በደንብ ከተሸፈነ ያለ እሳት መብሰሉን እንደሚቀጥል ነው። እኔ ሁለቱንም በደብተሬ በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩ። ሁልጊዜም እንዲህ ነበርኩ፤ የተነገረኝን ሁሉ ጽፌ፣ አስምሬበት፣ ሳልውል ሳላድር የምፈጽም። ሐምሌ እንደገባ አንድ ምሽት የድሮ ቀሚሴን ጠቅልዬ የበሩን ሥር ደፈንኩት። እናቴ እግሯን እያፍታታች ዛሬ ገና ቤት ቤት ሸተተን ስትለኝ፣ ፈተና እንዳለፈ ሰው ደስ አለኝ።

በነጋታው ገና ጎህ ሳይቀድ ከባድ ራስ ምታት ቀሰቀሰኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ቤቱ ሞቋል። እናቴ ከምድጃው አጠገብ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ማንኪያዋ ከእጇ ወድቆ፣ አንገቷ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል። ልጠራት ስሞክር ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ያኔ በሩ ከውጭ ተገፋ። አልከፈት አለ፤ ጨርቁ ከሥር ይዞታል። ሁለተኛ ተገፋና ተበረገደ። የገቡት እትዬ ነበሩ።

እትዬ ከጎናችን ያለው ክፍል ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ የግቢው ትልቅ ሰው ናቸው። ጉልበታቸውን ብርድ ይዟቸው ብዙ አይራመዱም። ያን ቀን ክብሪት ሊለምኑ ነበር የመጡት። እናቴን በብብቷ ይዘው እየጎተቱ ዝናቡ ላይ አወጧት፤ ተመልሰው እኔንም በቀሚሴ ይዘው አወጡኝ። እናቴ ዝናቡ ፊቷን ሲመታት ዓይኗን ገለጠች። በኋላ ጤና ጣቢያ ስንሄድ ነርሷ የሆነውን አስረዳችን፤ የከሰል ጋዝ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰውን እንደ እንቅልፍ አድርጎ ይወስዳል፣ ሌላ ቀን ክብሪት የሚለምን ሰው ላይመጣ ይችላል አለችን።

ጨርቁን የወሸቅኩት እኔ መሆኔን እናቴ አንድም ጊዜ አላነሳችብኝም። እኔ ግን ቀሚሱን ከአልጋ ሥር ወርውሬ ሁለተኛ አልነካሁትም። በሩ ሥር ብርዱ እንዳሻው ገባ።

እትዬ ደግሞ ሕግ አወጡ። በዚህ ደጃፍ ከሰል ሲገባ ካየሁ ቀበሌ ነው የምሄደው ብለው ለእናቴ ነገሯት። እናቴም ቃሏን ሰጠች። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የግቢው የመብራት ቆጣሪ አንድ ስለሆነ የኤሌክትሪክ ምድጃ ክልክል ነው። የጋራው ማድቤት ደግሞ በተራ ነው የሚያገለግለው፤ የእኛ ተራ ከሰዓት በኋላ ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ብቻ ነበር። አንድ ሰዓት ለባቄላ ምኑም አይደለም።

እናቴ ሦስት ቀን ሳትወጣ ቀረች። በአራተኛው ቀን ቦታዋን ለማየት አብነት ስንሄድ፣ የተቀቀለ ድንች የምትሸጥ ሴት ሳፋዋን ልክ እናቴ የምትቀመጥበት ላይ አድርጋለች። እናቴን ስታይ ፈገግ አለች።

«ቦታሽን እየጠበቅኩልሽ ነው» አለቻት።

ተመልሰን ግቢ ስንደርስ እናቴ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር የተቀመጠውን የከሰል ምድጃ ቆማ አየችው። በሩን ከፍቼ ብቀቅልስ አለች፣ ለራሷ እንደሚናገር ሰው። በሩን ከፍታ እንደምትጀምር አውቃለሁ። ብርዱ ሲጠናባት ደግሞ ገርበብ እንደምታደርገው፣ ከዚያም እንደምትዘጋው አውቃለሁ። ሌሊቱን ሁሉ ደብተሬ ውስጥ ያለው ሁለተኛው ቀይ መስመር ፊቴ ላይ ተደቀነ። የመጀመሪያውን ሳላስብበት ፈጽሜዋለሁ። ሁለተኛውን አስቤበት መፈጸም ነበረብኝ።

በማግስቱ ምን አለሽ ተራ ወረድኩ። እዚያ ከተጣለ ቆርቆሮ ምድጃም ማንቆርቆሪያም የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ አንደኛው የእናቴ ደንበኛ ናቸው። ሽማግሌ ቢሆኑም መዶሻቸው አሁንም እንደ ጎረምሳ ይጮሃል። ጠጋ ብዬ መካከለኛ የቆርቆሮ ሳጥን፣ ክዳንና መቀርቀሪያ ያለው፣ እንዲሠሩልኝ ጠየቅኳቸው። ለልብስ መሆኑን ጠየቁኝ።

«ለድስት ነው፣ ጋሼ።»

መዶሻው ቆመ። በእኛ ሰፈር የቆርቆሮ ሳጥን የሚገዛው ለሙሽራ ልብስ ነው።

«ድስቱን ልትድሩት ነው?» አሉኝ።

አጠገባቸው የሚቀጠቅጡት ሁሉ ሳቁ። እኔ ግን እንደ ክፍል ውስጥ ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ የፈላ ድስት ጨርቅ ውስጥ ሲቀበር እንዴት እንደሚበስል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረዳኋቸው። ሳይስቁ ሰሙኝ። ስጨርስ ውላችንን ነገሩኝ፤ ባቄላው ከበሰለ ንፍሮ አመጣላቸዋለሁ፣ ካልበሰለ ሳጥኑን መልሼላቸው ለሚያገባ ሰው ይሸጡታል። ሳጥኑን የሠሩት ከቀለም ቆርቆሮና ከአንድ አሮጌ ማስታወቂያ ነው። በአንዱ ጎኑ «ትኩስ ም» የሚል ጽሑፍ ተገልብጦ ቀርቷል፤ «ግብ» የሚለው የት እንደደረሰ አይታወቅም።

ጨርቁን ያገኘሁት ከሰፈራችን ልብስ ሰፊዎች ነው። አመሻሽ ላይ ሱቃቸውን ሲጠርጉ የሱፍና የጥጥ ቁርጥራጩን በማዳበሪያ ጠቅጥቄ ተሸክሜ መጣሁ። ሊጣል የነበረ ነውና ማንም አልከለከለኝም። እናቴ ሳጥኑን በቁርጥራጩ ሞላችው፣ መሃሉን ለድስቱ ጎድጓዳ አደረገችው። ጠዋት የዘፈዘፍነውን ባቄላ በተራችን ማድቤት ወስደን በኃይል አፈላነው፣ በአሥር ሰዓት ድስቱን በጨርቅ ጠቅልለን ሳጥኑ ውስጥ ቀበርነው።

እትዬ በር ላይ ቆመው ያያሉ።

«ድስት ይበርደዋል እንዴ? ነገ ደግሞ ካልሲ ግዙለት» አሉ።

ወሬው እሳቸው ሳይጨርሱት ግቢውን አዳረሰው። ከዚያማ ሁሉም መጣ። እስቲ አሳዩን ይላል የመጣው። እናቴ ተነስታ መቀርቀሪያውን ታነሳለች፣ ጨርቁን ትገልጣለች፣ የድስቱን ክዳን ትከፍታለች። እንፋሎቱ ቤቱን ይሞላዋል። ሰውየው አንድ ባቄላ ያነሳል፣ ይነክሳል፣ ገና ነው ብሎ ይሄዳል። ቀጥሎ ሚስቱ ትመጣለች። እስክንተኛ ድረስ አሥራ አንድ ጊዜ ተከፈተ። እናቴ ጎረቤት እንይ ሲላት አይሆንም የምትል ሴት አይደለችም፤ በእኛ ግቢም እንዲህ ያለ ሰው የለም።

ጎህ ሲቀድ ከፈትነው። ድስቱ ለብ ብሏል። ባቄላው ጥርስ ሥር ኩርሽም ይላል። እናቴ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ደጁን፣ የከሰል ምድጃውን ተመለከተች።

አንድ ዕድል እንድትሰጠኝ ለመንኳት። ድስቱን ያበረደው መከፈቱ መሆኑን ነግሬያት ሳጥኑን በቁልፍ እንድትቆልፈው አሳብ አቀረብኩ። ዓይኗ ፈጠጠ።

«ጎረቤት ፊት ምግብ ላይ ቁልፍ? ከሰሉ ያልገደለኝን እሱ ይገድለኛል።»

እውነቷን ነበር። ስለዚህ ሌላ ዘዴ መፈለግ ነበረብኝ፤ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እትዬ እንደ ልማዳቸው ጉልበታቸውን እያሹ ወሬ ሊያወሩ ሲመጡ ዘዴው በእግሩ ገባ። ድስቱ ሳጥኑ ውስጥ ከተቀበረ ብዙም አልቆየም። አልጋው ላይ ሊቀመጡ ሲሉ ቀድሜ ሳጥኑ ላይ ጨርቅ አነጠፍኩ።

«እትዬ፣ እዚህ ይቀመጡ» አልኳቸው።

ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ እንይ ብሎ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ ሳጥኑን ያያል፣ ቀጥሎ እትዬን ያያል። ትልቅ ሰው ከተቀመጠበት ተነሳ አይባልም። አንዱ ጎረቤታችን ጎንበስ ብሎ ድስቱስ ብሎ ሊጀምር ሲል እትዬ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ባቄላ አይተህ አታውቅም?» አሉት።

ተሽቆጥቁጦ ወጣ። ሳጥኑ እስክንተኛ አልተከፈተም።

ጠዋት ባቄላው ከትናንቱ በጣም ተሻለ። ከሥር ያለው በስሏል። ከላይ ያለው ግን አሁንም ጠንከር ይላል። እናቴ ከሥሩ ለይታ ወደ አብነት ወጣች፣ ከድንች ሻጯ ጎን ጠባብ ቦታ ይዛ ተቀመጠች። ደንበኞቿ መጡ፤ ለይታም ቢሆን ጠንካራ ፍሬ አልጠፋበትም። አንድ ኩሊ አንድ ባቄላ በጥርሱ ሰብሮ ሲያበቃ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እናት፣ ይሄ ባቄላ አብሮኝ ጭነት ሊያወርድ ነው እንዴ አላት። ሰው ሳቀ። እናቴም አብራ ሳቀች፤ ሳቋ ግን አጭር ነበር። እንዲህ ከቀጠለ ደንበኞቿ ወደ ድንቹ እንደሚሄዱ ሁለታችንም ገብቶናል።

እትዬ ግን ደስታቸው ወደር አጣ። በየቀኑ ቀደም ብለው ይመጣሉ፣ ሳጥኑ ላይ ይሰየማሉ። ከሥሬ ፀሐይ አለች ይላሉ። ጉልበታቸው እንደ ተፍታታ፣ እንዲህ ያለ ክረምት አይተው እንደማያውቁ ለግቢው ሁሉ ያወራሉ። አራተኛው ምሽት ላይ ድንገት ነገሩ በራልኝ። ክዳኑ ቆርቆሮ ብቻ ነው፣ ከድስቱ በላይ ያለው ጨርቅም ስስ ነው። እትዬን የሚያሞቃቸው ከባቄላው የሚወጣው ሙቀት ነበር። እትዬ በሞቁ መጠን የላይኛው ባቄላ ጥሬ ይቀራል።

ይህን ለማን ልናገር? እናቴን ከሞት ያወጡ ሰው ናቸው። ይነሱ ማለት አልችልም፤ ቢነሱ ደግሞ ሳጥኑ እንደገና አሥራ አንድ ጊዜ ይከፈታል። ከክዳኑ ሥር ጨርቅ ብጨምር ሙቀታቸውን ቀማኋቸው ማለት ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ተጨነቅኩ። ሰው ላለማስከፋት ስል ብቻ እናቴ በየጠዋቱ ጠንካራውን ባቄላ ስትለቅም አያለሁ።

ችግሩን የፈቱት እትዬ ራሳቸው ናቸው። አንድ ምሽት መቀርቀሪያው እየወጋኝ ነው ብለው አጉረመረሙና በማግስቱ ከአሮጌ ፍራሻቸው ጥጥ አውጥተው፣ በጆንያ ጨርቅ ሰፍተው፣ ትልቅ ትራስ ይዘው መጡ። ትራሱ የሳጥኑን ክዳን ሸፍኖ በአራቱም ጎን ወደ ታች ይንጠለጠላል። ከላዩ ሲሰየሙበት እንደ ዙፋን ሆነላቸው። ወሬ ጀመሩ። ጥቂት ቆይተው ተንቀሳቀሱ። ደግመው ተንቀሳቀሱ። እጃቸውን በትራሱና በክዳኑ መካከል አስገብተው ዳበሱ።

«ሳጥናችሁ ዛሬ በረደ» አሉ፣ ቅር ብሏቸው።

እናቴ እፍረት ይዟት ብድግ አለች። ድስቱ ሳይፈላ ነው የገባው ብላ ልትከፍት እጇን ዘረጋች። እኔ መቀርቀሪያው ላይ እጄን አደረግኩ። በዕድሜዬ እናቴን ስከለክል የመጀመሪያዬ ነው።

«እማዬ፣ አትክፈቺው።»

«እትዬ በረደኝ እያሉ?»

«እሳቸውን ከበረዳቸው ባቄላው ሞቆታል ማለት ነው።»

እትዬ አንዴ እኔን አንዴ ትራሱን አዩ። በልባቸው ሲያሰሉት ይታየኛል።

«እስከ ዛሬ ባቄላ ቀምቼ ነው የሞቅኩት በይኛ!» አሉ በመጨረሻ።

ወዲያው ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ትራሱን በደንብ አመቻችተው፣ ሁለቱንም ጎን ወደ ታች ጎትተው ክፍተቱን ዘጉት። ከዚያም የበለጠ ተደላድለው ተቀመጡና እስኪነጋ ማንም እንዳይነካው ብለው እናቴን አዘዟት። ያን ምሽት እየበረዳቸው እስክንተኛ ድረስ ቆዩ።

ሲነጋ ሦስታችንም ሳጥኑን ከበብን። እትዬ በማንም ሳይጠሩ መጥተዋል። እናቴ ትራሱን አነሳች፣ መቀርቀሪያውን አነሳች፣ ጨርቁን ገለጠች። የድስቱ ክዳን ሲነሳ እንፋሎት ፊታችን ላይ ወጣ። በጠንካራነቱ ከሚታወቀው ከላይኛው ባቄላ አንድ ፍሬ አንስታ በሁለት ጣቷ መሃል ጫን አለችው። ቆዳው ሸርተት ብሎ ወጣ፣ ውስጡ እንደ ቅቤ ተጨፈለቀ። ያውም ቤቱ ውስጥ አንዲት ፍም፣ አንዲት ብልጭታ እሳት ሳይኖር። እናቴ ፍሬውን ለእትዬ አፋቸው ድረስ ወሰደችላቸው። እሳቸው አላምጠው ዋጡና ጨው ያንሰዋል አሉ። ከሳቸው አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም።

ያን ጠዋት እኔም ሳፋውን በአንድ ጎን ይዤ አብነት ወጣሁ። ዝናቡ ካፊያ ነው፤ ከሳፋው የሚወጣውን እንፋሎት ሰው ከሩቅ አይቶ ይመጣል። ጥርሱን የፈተነው ኩሊ መጀመሪያ አንድ ፍሬ ብቻ በጥርጣሬ ወሰደ። ቀጥሎ እፍኙን ሞልቶ ዘረጋ። ረፋዱ ሳይደርስ ሳፋው ባዶ ሆነ። እናቴ ከማለቁ በፊት አንድ ጭልፋ ለድንች ሻጯ አንስታላት ነበር።

«ቦታዬን ጠብቀሽልኛል፤ ደግ አደረግሽ። አሁን ወደ ራስሽ ጠጋ በይ» አለቻት፣ ፈገግ ብላ።

ሴትየዋ ንፍሮውን እየበላች ሳፋዋን ጠጋ አደረገች።

ለጋሼም ውላችንን ፈጸምኩ። ንፍሮውን ቆመው በሉት፣ ለአጠገባቸው ሰዎችም አካፈሉ፣ ድስቱ በሰላም ተዳረ ብለው አወጁ። ነሐሴ ሳያልቅ ከግቢያችን አራት ቤት ሳጥን አሠራ። አንዷ ጎረቤታችን ምስር፣ ሌላዋ ድንች ታስገባበታለች። እኛም በተራችን ከባቄላው ጎን አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ አፍልተን በሳጥኑ ጥግ እንቀብራለን፤ ጠዋት ፊታችንን የምንታጠበው በሞቀ ውሃ ሆነ። ማድቤቱ ውስጥ የሚነደው እንጨት ስለቀነሰ ጭሱም ግቢውን ለቀቀው።

እትዬም የራሳቸውን ሳጥን ፈለጉ። እኔን አስከትለው፣ ጉልበታቸውን እያሹ ምን አለሽ ተራ ድረስ በእግራቸው ወረዱ። ጋሼ እንደ ሌሎቹ ላድርገው ወይ ብለው ሲጠይቋቸው እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የእኔን የሚያፈስ አድርግልኝ» አሉ።

ጋሼ እንደ ተሰደበ ሰው መዶሻቸውን አስቀመጡ። ይህን ሁሉ ዘመን ቀጥቅጠው አበላሽተህ ሥራልኝ ያላቸው ሰው እንደሌለ ነገሯቸው። እትዬ ግን አልተበገሩም። ክዳኑ ስስ ይሁን፣ ከላይ ጨርቅ አልፈልግም፣ ውስጡ የፈላ ውሃ አስቀምጬ ከላዩ ነው የምቀመጠው አሉ። ልክ እንዳሉት ተሠራላቸው። እኛ ቤት ሲመጡ ግን አሁንም የበረደው ሳጥን ላይ፣ ትራሳቸው ላይ ነው የሚቀመጡት። ይሄ ሥራ ነው ይላሉ፤ ያኛው ዕረፍት ነው።

አሁን የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ስለዚያ ክረምት ሳስብ ግን ቀድሞ የሚመጣልኝ ንፍሮው አይደለም። የነሐሴ መጨረሻ አንድ ምሽት ነው። የከሰል ምድጃው ደጅ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ ዝናብ ሞልቶት ዝጓል። ሳጥኑ ተዘግቷል፣ እትዬ ገና ወጥተው መሄዳቸው ነው። ነፋሱ በበሩ ሥር እየገባ የአልጋውን ልብስ ያወዛውዛል። እኔ እግሬን ሰብስቤ ተቀምጫለሁ፤ ያ ቀሚስ ከአልጋው ሥር መኖሩን አውቃለሁ፣ አልነካውም።

እናቴ ጎንበስ ብላ ቀሚሱን ከአልጋው ሥር ጎትታ አወጣችው። አቧራውን አራገፈች። ወደ እኔ ወረወረችው።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ድፈኚው እንጂ» አለች።

ጠቅልዬ የበሩን ሥር ከዳር እስከ ዳር ደፈንኩት። ነፋሱ ቆመ። እናቴ እግሯን እያፍታታች ዛሬ ገና ቤት ቤት ሸተተን አለች።